የኢንሱሊን ብልቃጥ ግምገማ፦ ዕቃው አንድ፣ ዋጋው ለየቅል

የምንገመግመው ዕቃ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። የጎማ ክዳን ያለው የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ (ላዩ ላይ «ዩ-100» የሚለው ጽሑፍ ይህንን ነው የሚናገረው) በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ይሆናል። በቀን 40 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል። እንግዲህ ይህ ብልቃጥ አንድ አገር ላይ የቡና ቤት ሒሳብ ያህል፣ ሌላ አገር ላይ የወር የቤት ኪራይ ሩብ ያህል ሲያስከፍል ኖሯል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው ሲሆን «ዓ.ም.» እንላለን።)

ሂዩማሎግ የተባለው ፈጣን ኢንሱሊን በ1996 አሜሪካ ገበያ ሲገባ ብልቃጡ 21 ዶላር ነበር። በ2019 ያው ብልቃጥ፣ ያው ፈሳሽ፣ ያው የሊሊ ኩባንያ ምርት 275 ዶላር ገደማ ደረሰ። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም የ2018ን የአምራቾች ዋጋ በአንድ መለኪያ አድርጎ ሲያነጻጽር አሜሪካ 98.70 ዶላር፣ ጃፓን 14.40፣ ካናዳ 12፣ ጀርመን 11፣ ብሪታንያ 7.52፣ አውስትራሊያ 6.94፣ ቱርክ 2.64 ወጣ። ይህ በወረቀት ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው፤ ከጀርባ የሚመለሰው ገንዘብ አልተቀነሰበትም። ቢቀነስም አሜሪካ በሰፊ ርቀት አንደኛ ናት።

ልዩነቱን ፋብሪካው ላይ የሚፈልግ አያገኘውም። በ2018 ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ሂዩማን ኢንሱሊን የሚባለውን የቆየውን ዓይነት አንድ ብልቃጥ ለማምረት ከ2 እስከ 4 ዶላር፣ አናሎግ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ለማምረት ደግሞ ከ4 እስከ 6 ዶላር ገደማ ይበቃል። የምርምሩም ዕዳ ከተከፈለ ቆይቷል፦ ኢንሱሊን በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ሲገኝ አግኚዎቹ ባንቲንግና ባልደረቦቹ የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር።

ታዲያ ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ገዢው። የቅርጫ ማኅበር ሆኖ በሬ የሚገዛና ብቻውን ልኳንዳ ቤት ቆሞ ግማሽ ኪሎ የሚያስመዝን ሰው እኩል አይከፍሉም። ብሪታንያ ውስጥ ገዢው በተግባር አንድ ነው፤ የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ነው። ጀርመን ውስጥ የጤና መድን ድርጅቶቹ ብዙ ቢሆኑም በ2011 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት በአንድነት ይደራደራሉ፤ አዲስ መድኃኒት ከአሮጌው በምን እንደሚሻል በማስረጃ ካላሳየ የአሮጌውን ዋጋ ነው የሚያገኘው። ይህ አሠራር ያለ ዋጋ አይገኝም። በ2015 ኖቮ ኖርዲስክ ትሬሲባ የተባለውን ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ይዞ ሲቀርብ ገምጋሚዎቹ ከሂዩማን ኢንሱሊን የሚጨምረው ጥቅም አልታየንም አሉት፤ ኩባንያውም ዕቃውን ጠቅልሎ ከጀርመን ገበያ ወጣ። በዚያን ጊዜ ይወስዱት የነበሩ ሕመምተኞች ሌላ ለመልመድ ተገደዱ። መድኃኒቱ ቆየት ብሎ ተመልሷል፤ ግን «አይሆንም» ለማለት የሚደፍር ገዢ አንዳንዴ ባዶ መደርደሪያ እንደሚያጋጥመው ማወቅ ጥሩ ነው።

አሜሪካ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በሕመምተኛውና በኩባንያው መካከል የመድኃኒት ደላሎች አሉ፤ ሲቪኤስ ኬርማርክ፣ ኤክስፕረስ ስክሪፕትስና ኦፕተም አርኤክስ። ከአገሪቱ የመድኃኒት ማዘዣ 80 በመቶ ገደማው በእነዚህ በሦስቱ እጅ ያልፋል። ሥራቸው የኢንሹራንሱን የመድኃኒት ዝርዝር ማዘጋጀት ነው፤ ዝርዝሩ ላይ መግባት የሚፈልግ አምራች ከዋጋው ላይ ተመላሽ ይሰጣቸዋል። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ድርሻው በዋጋው ልክ የሚያድግ ደላላ ዋጋ እንዲወርድ አይለፋም። አምራቹ የወረቀት ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፣ ከጀርባ ብዙ ይመልሳል። ሊሊ ራሱ ባወጣው ቁጥር በ2018 ሂዩማሎግ ከሚወስድ አንድ ሕመምተኛ ተመላሹ ሁሉ ተቀንሶ በወር በአማካይ የቀረለት 135 ዶላር ነበር፤ የወረቀቱን ዋጋ ሩብ እንኳ አይሞላም። ክፉው ነገር ሕመምተኛው የሚከፍለው የሚሰላው ከወረቀቱ ዋጋ መሆኑ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሙሉውን ይከፍላል። ኢንሹራንስ ኖሮት ዲዳክቲብሉን (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪሱ የሚከፍለውን) ያልጨረሰ ሰውም በየጥር ወሩ ሙሉውን ይከፍላል። ተመላሹ ግን ወደ እሱ ኪስ አይመለስም።

ሌላም አለ። ሦስት ኩባንያዎች (ሊሊ፣ ኖቮ ኖርዲስክና ሳኖፊ) ከዓለም የኢንሱሊን ገበያ ከ90 በመቶ በላይ ይይዛሉ። ሳኖፊ ላንተስ በተባለው ኢንሱሊኑ ዙሪያ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ70 በላይ የፓተንት (የባለቤትነት መብት) ማመልከቻ አስገብቷል፤ አብዛኛው የገባው መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ፈሳሹ አሮጌ ቢሆን የመውጊያው ብዕር አዲስ ነው እየተባለ ተፎካካሪ በር ላይ ይቆማል።

ከ2023 ወዲህ የአሜሪካው ዋጋ ወርዷል፤ ማስታወቂያዎቹ ግን ምክንያቱን አይነግሩም። ሊሊ ሂዩማሎግን በ70 በመቶ ቀንሶ 66.40 ዶላር አደረገው። ኖቮ ፈጣን ኢንሱሊኑን ኖቮሎግን በ75 በመቶ፣ ሳኖፊ ላንተስን በ78 በመቶ ቀነሱ፤ የሁለቱም ቅናሽ የጀመረው ጥር 2024 ነው። ለምን ጥር? በ2021 የወጣ ሕግ ስላለ ነው። ለድሆች የሚሆነው የመንግሥት መድን ሜዲኬይድ ዋጋውን ከግሽበት በላይ ያናረ አምራች ላይ ቅጣት ይጥላል። ቅጣቱ ቀድሞ ከመድኃኒቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ጣሪያ ነበረው፤ ጣሪያው ከጥር 2024 ጀምሮ ተነሣ። ዋጋውን አሥራ ሦስት እጥፍ ያሳደገ ኩባንያ ከዚያ ቀን በኋላ ሜዲኬይድ ለሚሸፍነው እያንዳንዱ ብልቃጥ ከሚያገኘው በላይ ሊከፍል ነበር። ቅናሹን ያመጣው ይህ ስሌት ነው።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ዛሬ የሚጠቅመው ይህ ነው። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት መድን) ያላቸው ከጥር 2023 ጀምሮ ለአንድ ዓይነት ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ አይከፍሉም። በሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ላላቸውና ለሌላቸው ሦስቱም ኩባንያዎች የ35 ዶላር ፕሮግራም አላቸው፤ የቅናሽ ካርዱ ግን በአብዛኛው ካልተጠየቀ አይመጣም፣ ፋርማሲው ባንኮኒ ላይ ያለው ሠራተኛም ብዙ ጊዜ አያነሣውም። ከመክፈልዎ በፊት በስልክ ወይም በኩባንያው ድረ ገጽ ያውጡት። «ኢንሱሊን ሊስፕሮ» የሚል ስም ብቻ ያለው የሊሊ ብልቃጥ ከግንቦት 2023 ጀምሮ 25 ዶላር ነው፤ ውስጡ ሂዩማሎግ ነው፣ የተለየው ወረቀቱ ነው። ማዘዣው ላይ «ሂዩማሎግ» ተብሎ ከተጻፈ ፋርማሲው በርካሹ ሊተካው ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ዋልማርት ውስጥ ደግሞ ሪላይኦን በሚል ስም የሚሸጠው ሂዩማን ኢንሱሊን ብልቃጡ 25 ዶላር ገደማ ሲሆን በአብዛኛዎቹ ግዛቶች ያለ ማዘዣ ይሸጣል።

አውሮፓና እስራኤል ያለው ጉዳይ ከዋጋ ይልቅ የወረቀት ጉዳይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ለማንኛውም ማዘዣ አይከፍልም፤ ግን ኤፍፒ92ኤ የተባለውን ፎርም ሐኪሙ ፈርሞበት የነጻ መብት ሰርተፊኬቱን መያዝ አለበት። ሰርተፊኬቱ ጊዜው ካለፈ «ነጻ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ቅጣት ይላክለታል። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ለሁሉም ነጻ ነው። ጀርመን ላይ ለአንድ ጥቅል ከ5 እስከ 10 ዩሮ ይከፈላል፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው የዓመት ክፍያው ከገቢው 1 በመቶ ሲደርስ ክራንከንካሰው (የጤና መድን ድርጅቱ) ነጻ ያደርገዋል፤ ደረሰኝ ያላጠራቀመ ግን ይቀርበታል። እስራኤል ውስጥ ከ1995 ጀምሮ ማንኛውም ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅቶች) የአንዱ አባል ነው፤ ኢንሱሊን በመንግሥቱ የጤና ቅርጫት ውስጥ አለ። ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው በየሦስት ወሩ የክፍያ ጣሪያ ስላለ፣ በዕድሜ የገፉ ወላጆች በዚህ ምድብ መመዝገባቸውን ኩፓት ሖሊሙን መጠየቅ ያዋጣል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ሥዕሉ ሌላ ነው። ኖቮ ኖርዲስክ ከ2020 ጀምሮ ለ76 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ለአንድ ብልቃጥ ሂዩማን ኢንሱሊን የ3 ዶላር ጣሪያ አስቀምጧል፤ ቀድሞ 4 ዶላር ነበር። በዓለም ገበያ ሚዛን ይህ ርካሽ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚጨመርበት ነው፦ የቀዝቃዛ ጓዳ ማጓጓዣ፣ የአስመጪው፣ የጅምላ ነጋዴው፣ የፋርማሲው ትርፍ። ከሁሉ በላይ የውጭ ምንዛሪው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ 3 ዶላሩ ባይንቀሳቀስም ብሩ ተንቀሳቅሷል። ስለዚህ በመጀመሪያ የመንግሥት ጤና ተቋም ፋርማሲን መጠየቅ፣ ቀጥሎ የከነማና የቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን መሞከር፣ የግሉን መጨረሻ ላይ ማድረግ የዋጋ ልዩነቱን ያሳያል። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ለሆነ ቤተሰብ መድኃኒቱ በተቋሙ እስካለ ድረስ ብዙ ያቀልላል፤ ያለቀ ቀን ግን መድኑ ደብተር ብቻ ሆኖ ይቀራል። በብልቃጡ ማለቂያ ቀን ሳይሆን ከአሥር ቀን በፊት መጠየቅ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ራሱ። የብልቃጡ እውነተኛ ዋጋ ፋርማሲው የሚነግርዎ አይደለም፤ በተወጋ ዩኒት ማስላት ያስፈልጋል። የተከፈተ ብልቃጥ ዕድሜ አለው፦ ሂዩማሎግ፣ ኖቮሎግና ላንተስ 28 ቀን፣ ሂዩማን ኢንሱሊኖቹ ሂዩሙሊን 31፣ ኖቮሊን 42። በቀን 15 ዩኒት የሚወጋ ልጅ በ28 ቀን 420 ዩኒት ይጠቀማል፤ የቀረው 580 ይደፋል። 3 ሚሊ ሊትር (300 ዩኒት) የሚይዘው የመውጊያ ብዕር፣ ፔን፣ ደግሞ ሌላ ብክነት አለው፦ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት 2 ዩኒት ወደ አየር መልቀቅ ግድ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚወጋው ልጅ 17 ዩኒት ይሆናል፤ በ28 ቀን 476። ስለዚህ የፔኑ ዋጋ በዩኒት ሲሰላ ከብልቃጡ እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ ለዚህ ልጅ ፔኑ ነው የሚረክሰው። በቀን 40 ዩኒት ለሚወጋ ትልቅ ሰው ደግሞ ብልቃጡ ያለ ክርክር ያሸንፋል።

ከአገር አገር የሚዞር ዕቃ ላይ የሚፈጠረው አደገኛ ስሕተት የስሪንጁ ነው። ሕንድ ውስጥ በ1 ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለው «ዩ-40» ኢንሱሊን አሁንም በሰፊው ይሸጣል፤ ስሪንጁ ቀይ ቆብ አለው። የዩ-100 ስሪንጅ ቆብ ብርቱካንማ ነው። ለሕክምና ሕንድ ሄዶ ቀይ ቆብ ያለውን ስሪንጅ በካርቶን ገዝቶ የተመለሰ ሰው አዲስ አበባ ላይ ዩ-100 ኢንሱሊን ቢቀዳበት፣ 10 መስመር ላይ ሲያቆም የሚወጋው 25 ዩኒት ነው፤ ሁለት እጥፍ ተኩል። ይህ ሰውን ከራሱ የሚያስት መጠን ነው። በተቃራኒው የሕንዱን ኢንሱሊን በብርቱካንማው ቢወጋ 10 ብሎ 4 ብቻ ያገኛል፣ ስኳሩም አልወርድ ይላል። ብልቃጡና ስሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠመ አይወጉ።

አያያዙም ከዋጋው ጋር የተያያዘ ነው፤ የተበላሸ ኢንሱሊን በነጻ ቢገኝም ውድ ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ኢንሱሊኑን የሚገድለው ሙቀት ሳይሆን በረዶ ነው፦ የፍሪጁ የኋላ ግድግዳ፣ ከፍሪዘሩ ሥር ያለው መደርደሪያ፣ የአውሮፕላን የጭነት ክፍል፣ በበረዶ ከረጢት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ብልቃጥ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥና ደህና ቢመስልም ይጣላል። ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ በእጅ ሻንጣ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከማዘዣው ጋር ይያዘው። ፍሪጅ የሌለበት ቤት ተስፋ አይቁረጥ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ውስጥ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ይዘው በ2021 ያወጡት ጥናት በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል የሚዋዥቅ ሙቀት ላይ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት አቅሙን እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ትንሹን የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በመካከል አሸዋ ሞልቶ ጧትና ማታ ውኃ ማጠጣት፣ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ደርቦ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር ማቆም ብልቃጡን በደንብ ያቀዘቅዘዋል፤ ብልቃጡ ግን በደረቅ ላስቲክ ውስጥ ይሁን። አየሩ እርጥብ በሆነ ቆላ ላይ ውኃው ስለማይተን ማሰሮው ብዙም አይረዳም።

ሂዩማን ኢንሱሊን ሁለት መልክ አለው፤ ጥርት ያለው ሬጉላርና ደፍረስ ያለው ኤንፒኤች። ደፍራሳው ከመቀዳቱ በፊት በመዳፎች መካከል በቀስታ መንከባለልና መገለባበጥ አለበት፣ ሃያ ጊዜ ያህል፤ መናጥ አይገባም። ካልተቀላቀለ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠን ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራም ይሆንና ሐኪሙ መጠኑ የተሳሳተ ይመስለዋል። ከተንከባለለም በኋላ ጓል ከታየበት ወይም በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ አብቅቶለታል። ሁለቱን በአንድ ስሪንጅ የሚቀዳ ሰው አየር ወደ ደፍራሳው፣ ከዚያ ወደ ጥርቱ ያስገባል፤ ሲቀዳ ግን ጥርቱን ያስቀድማል። ላንተስ ጥርት ያለ ቢመስልም ከምንም ጋር አይቀላቀልም።

ርካሹ ይሻላል ወይስ ውዱ? የእኛ ሚዛን እንዲህ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም ላይ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለሚወጋ ሰው ኤንፒኤች ለገንዘቡ ተወዳዳሪ የለውም፤ በ2018 በካሊፎርኒያ ሕመምተኞች ላይ የወጣ ጥናት በውድ አናሎግ የጀመሩት በስኳር መውረድ ሳቢያ ድንገተኛ ክፍል ከመግባት የተሻለ እንዳልዳኑ አሳይቷል። በመጀመሪያው ዓይነት፣ በተለይ ለልጆችና ሌሊት ስኳራቸው ለሚወርድባቸው፣ አናሎጉ ተጨማሪ ዋጋው የሚገባው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ረጅም ጊዜ የሚሠሩትን አናሎጎች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ጨምሯቸዋል። ከአናሎግ ወደ ሂዩማን መቀየር ግን ብልቃጥ እንደ መለዋወጥ አይታይ። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ መጠኑን ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀንሰው ይጀምራሉ። ሬጉላር ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል፣ ሂዩማሎግ ግን በ15 ደቂቃ ውስጥ። ኤንፒኤች ደግሞ ከተወጋ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ጧት በ1 ሰዓት ወግቶ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጉልበቱ የሚያገኘው ባዶ ሆዱን ነው። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሓ አባቱንም ማማከር አለበት።

የመጨረሻው ወጪ ከብልቃጡ ውጭ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ከብልቃጡ ይበልጣል። የስኳር መለኪያ ማሽኑ ርካሽ ነው፣ አንዳንዴ በስጦታ ይመጣል፤ ገንዘቡ ስትሪፑ (የደም ጠብታው የሚነካበት ቁራጭ) ላይ ነው፣ ስትሪፑም የሚገባው በራሱ ማሽን ብቻ ነው። ከውጭ ማሽን የሚልክ ሰው አስቀድሞ ስትሪፑ አዲስ አበባ ይሸጥ እንደሆነ ያስጠይቅ፤ ካልሆነ 50 ስትሪፕ ካለቀ በኋላ ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከእንግሊዝ የሚመጣው ማሽን ንባቡም ይለያል፦ እዚያ 7 የሚለው ኢትዮጵያና አሜሪካ 126 ነው። በ18 ማባዛት ነው። 15 አይቶ «ስኳሬ ወረደ» ብሎ ለስላሳ የጠጣ ሰው 270 ላይ ስኳር ጨመረበት ማለት ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ሲሰጥ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ጀርባው ላይ መለጠፍ።